ቀድሞ የሚያስቸግር፣ ዘግይቶ የሚያድን፦ የሳይኮሲስ መድኃኒት በቤታችን

እናትየው ከሐይቅ ወዲያ ካለ ቀበሌ በሌሊት ተነሥተው ነው የመጡት። ሃያ ዓመት ቢሞላው የማይበልጥ ልጃቸውን ሁለት ጎረምሶች ደግፈውታል። አንገቱ ወደ ግራ ትከሻው ተጠምዝዟል፤ ዓይኑ ወደ ላይ ተሰቅሏል፤ መንጋጋው ተቆልፎ ለሃጩ በአገጩ ይወርዳል። ሃሎፔሪዶል የሚባለውን የሳይኮሲስ መድኃኒት ከጀመረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

«ይኸው ልጄን ጨረሳችሁብኝ! ጎረቤት ሁሉ ጅኒው ተቆጥቶ ነው ይለኛል» አሉ።

«አብሽሩ እናቴ፣ አሁን ይለቀዋል» አልኳቸው።

ማርገቢያ መርፌ ተወጋ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አንገቱ ወደ ቦታው ተመለሰና «እማ፣ ውሃ» አለ። እናትየው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጡትን የመድኃኒት ከረጢት ስንፈታው፣ ከሃሎፔሪዶሉ ጋር የታዘዘው ሁለተኛው ክኒን አንድም ሳይነካ ተቀምጧል። ሥራው ይህንኑ መጠማዘዝ መከላከል ነበር። «አንዱ ከበቃው ብዬ ነው፤ መድኃኒት አበዛሁበት ብዬ ሰጋሁ» አሉ። ማን ይፈርድባቸዋል? ሁለተኛው ክኒን ለምን እንደታዘዘ የነገራቸው ሰው የለም።

ደሴ ውስጥ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ሆኜ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ነገር አለ። የሳይኮሲስ መድኃኒት ችግሩ ቀድሞ፣ ጥቅሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሲቆም ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እፎይታው ቀድሞ፣ ጉዳቱ ዘግይቶ ይመጣል። ቤተሰብ በዓይኑ የሚያየው ቀድሞ የመጣውን ስለሆነ «መድኃኒቱ ጎዳው፣ ሲተወው ተሻለው» ብሎ ይደመድማል። በየቤቱ የሚሠራው ስሕተት አብዛኛው ከዚህ የጊዜ መዛባት ይነሣል።

ሳይኮሲስ ማለት ሰው ከሌላው ጋር የሚጋራው እውነታ የሚላቀቅበት ሁኔታ ነው። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ ማንም ሳይነካው ሊገድሉኝ ነው ይላል፤ ንግግሩ ይበታተናል። በስኪዞፍሬንያ (ሳይኮሲስ ዋና ምልክቱ በሆነው የቆየ ሕመም)፣ በባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ በሚወጣበትና በሚወርድበት ሕመም)፣ በከባድ ድባቴ፣ ከወሊድ በኋላም ሊከሰት ይችላል። እኛ ዘንድ ለከፈው፣ ጅኒ ያዘው፣ ድግምት ነው ይባላል። በመንስኤው ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም። የምናገረው አንጎል ውስጥ ስለሚሆነውና መድኃኒቱ ስለሚነካው ነገር ነው።

አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል አለ። ከሥራዎቹ አንዱ «ይህን ልብ በል፣ አንተን ይመለከታል» የሚል ምልክት መስጠት ነው። ስም ሲጠራ የምንዞረው፣ ምግብ ሲሸተን የምንነቃው በዚህ ምልክት ጭምር ነው። በሳይኮሲስ ጊዜ ምልክቱ ያለ ቦታው ይበዛል። የጎረቤት ሳል፣ የሬዲዮ ዜና፣ መንገድ ላይ የቆመ ባጃጅ ሁሉም «አንተን ነው» ይሉታል። አእምሮም ለዚህ ሁሉ ምልክት ትርጉም ይፈልግና ታሪክ ይሠራል፤ እየተከታተሉኝ ነው፣ መርዝ አድርገውብኛል። መድኃኒቱ ዶፓሚን የሚያርፍበትን ቦታ በከፊል ይይዛል፤ ያኔ የምልክቱ ጩኸት ይቀንሳል።

የተሠራው ታሪክ ግን በአንድ ሌሊት አይፈርስም። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የሚመጣው እንቅልፍና መርጋት ነው፤ ቁጣና ረብሻ በቀናት ውስጥ ይበርዳል፤ ድምፁና ጥርጣሬው ለመልቀቅ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ። አንድ መድኃኒት አልሠራም ለማለት በበቂ መጠን ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መሞከር አለበት። የሐይቁ ልጅ በስድስተኛው ሳምንት ለቀጠሮ ሲመጣ ድምፁ ጠፋልህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «አልጠፋም፤ አሁንም አንዳንዴ ይጠራኛል። ግን አልዞርለትም» አለኝ። ፈውስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው።

መጠን ሲጨመር ፈውስ ይፈጥናል የሚል እምነትም አለ። በአንጎል ምስል በተደረጉ ጥናቶች እንደታየው ብዙዎቹ እነዚህ መድኃኒቶች ጥቅም የሚሰጡት ከዶፓሚን ማረፊያዎች ከመቶ 65 ያህሉን ሲይዙ ነው፤ ከመቶ 80 ገደማ ሲያልፉ ጥቅሙ እምብዛም አይጨምርም፣ መገተሩና መንቀጥቀጡ ግን ይበዛል። በጥቅምና በጉዳት መካከል ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ስለዚህ «ዛሬ ብሶበታልና ሁለት ልስጠው» አይባልም።

የመጀመሪያው መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን እ.ኤ.አ. በ1952 ፈረንሳይ ውስጥ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት ጀመረ፤ ሃሎፔሪዶል በ1958 ቤልጂየም ውስጥ ተሠራ። ሪስፐሪዶንና ኦላንዛፒን የመጡት በ1990ዎቹ ነው። በጥቅሉ የቀድሞዎቹ ይገትራሉ፣ የኋለኞቹ ያወፍራሉ ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። አዲስ ሁሉ ይሻላል፣ አሮጌ ሁሉ ይጎዳል ማለት ግን አይደለም። ለአንዱ የሠራ ለሌላው ላይሠራ ይችላልና የጎረቤትን ክኒን መዋስ አይገባም። ሌሎቹ ሳይሠሩ ሲቀሩ የሚታዘዘው ክሎዛፒን ነጭ የደም ሕዋስን በአደገኛ ሁኔታ ሊያወርድ ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት በየሳምንቱ የደም ምርመራ ይፈልጋል። ክሎዛፒን የሚወስድ ሰው ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከጀመረው ቶሎ ደሙ ይታይ።

ወደ ጎንዮሽ ጉዳቶቹ ስንመጣ መቼ እንደሚመጡ ማወቁ እኩሌታው መፍትሔ ነው። የአንገት መጠማዘዝ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይመጣል፤ በወጣት ወንዶች ይበዛል፤ ያስደነግጣል፣ ግን በመርፌ ይለቃል። ጉሮሮ ወይም ትንፋሽ ከያዘ ደቂቃም አይታለፍ። በሳምንታት ውስጥ የሚመጣው ደግሞ እጅ መንቀጥቀጥ፣ እርምጃ ማጠርና ፊት እንደ ጭምብል መድረቅ ነው። ይህ ሰነፍነት አይደለም፤ መጠን በመቀነስ ወይም መድኃኒት በመቀየር የሚስተካከል ነገር ነው።

ከሁሉም ይልቅ የሚያሳዝነኝ አለመቀመጥ ነው። ቡና ተፈልቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ቤተሰቡ ተሰብስቧል። ልጁ አቦሉን ቆሞ ይቀበላል፤ ሁለት ፉት ብሎ ወደ ደጅ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ እግሩን ያፈራርቃል፣ ቶናው ሳይደርስ እንደገና ይወጣል። በረካውንማ አያየውም። ሲጠየቅ «ውስጤ ይረበሻል፣ መቀመጥ አልችልም» ይላል። ቤተሰብ «በሽታው ተነሣበት» ይላል፤ አንዳንዴ ሐኪምም እንዲሁ አስቦ መጠን ይጨምራል፤ ሲጨመር ይብሳል። ይህ የመድኃኒቱ ሥራ እንጂ የሕመሙ ላይሆን ይችላል። ስሜቱ ሰውን እስከ ራስ ማጥፋት ሐሳብ ሊያደርስ ይችላል። መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም ከተጨመረ ወዲህ የመጣ እንደሆነ ለሐኪሙ በዚሁ ቃል ንገሩት፦ «መድኃኒቱ ከተጨመረ ወዲህ መቀመጥ አልቻለም።» ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር የሕክምናውን አቅጣጫ ልትቀይር ትችላለች።

በወራትና በዓመታት የሚመጡት በዝምታ ነው የሚገቡት። ክብደት ይጨምራል፣ የደም ስኳርና ስብ ይወጣል። ሚዛን ከሌለ ቀበቶ ይበቃል፤ በሁለት ወር ሁለት ቀዳዳ ከሰፋ በሚቀጥለው ቀጠሮ ስኳሩ ይለካ። ምላስና ከንፈር ያለ ፈቃድ የሚንቀሳቀሱ፣ የሚያላምጡ ከመሰሉ በቶሎ መታየት አለበት፤ ይህኛው ከዘገየ ላይለቅ ይችላል። ሴቶች የወር አበባ ሊቀርባቸው፣ ሳይወልዱ ጡታቸው ወተት ሊያወጣ ይችላል። የወር አበባ ቀረ ማለት አይፀነስም ማለት እንዳልሆነ ግን ልብ በሉ። ወንዶች በግብረ ሥጋ በኩል ይደክማሉ። ወንዶች መድኃኒት ከሚተዉባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ነውር ስለሆነ ግን ማንም አይናገረውም። ወንድሜ፣ ለሐኪሙ መንገር ነውር አይደለም፤ አማራጭ መድኃኒት አለ።

ቆላ ለሚኖር ወይም ለሚወርድ ሰው ሁለት ነገር ለይቼ ላንሣ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ብርድ ነው የሚያውቃት። ሰኞ ለባቲ ገበያ የወረደ ወይም ኮምቦልቻን አልፎ ከሚሴ የገባ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች፣ በተለይ ክሎርፕሮማዚንና ለመገተሩ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ ላብን ስለሚቀንሱ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ውሃ፣ ጥላ፣ ቆብ፣ የቀትር ሥራ መቀነስ። ክሎርፕሮማዚን ቆዳንም ለፀሐይ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ይበልጣል። ቆላ ውስጥ ሰው ካተኮሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ወባ ነው። ነገር ግን የሳይኮሲስ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት መገተር፣ ላብና መደናገር አንድ ላይ ከመጡ፣ ከራሱ ከመድኃኒቱ የሚመጣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ገዳይ ችግር ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከጅማሬው ወይም መጠን ከተጨመረ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ይታያል። የሚቀጥለውን ክኒን አትስጡት፤ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ገና በር ላይ «ይህን መድኃኒት ይወስዳል» በሉ። የወባ ምርመራውም ይደረግ፤ ግን ውጤቱ እስኪመጣ ተብሎ ይህ አይቆይ።

አሁን ወደ ማቆሙ ልመለስ፤ የጽሑፌ ልብ እዚህ ነው። ሰውየው ተሽሎታል። ሥራ ገብቷል፣ ይሳሳቃል። ሰርግ ቀርቧል፤ ወይም ልጅቷ ወደ ሳዑዲ ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች፣ ክኒን ይዛ መታየት አትፈልግም። ያቆማሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ምን ይሆናል? ድብታው ይለቃል፣ እጁ መንቀጥቀጡን ይተዋል፣ ፊቱ ይፈታል። ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ»፣ «ተመስገን» ይላል። ያኔ የሚታየው ጥሩው ብቻ ነው። ሕመሙ የሚመለሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ከክኒኑ መቆም ጋር የሚያያይዘው ሰው አይኖርም። ዓይን በላው ይባላል።

ይህን በአንድ ጊዜ ያየሁት በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ነው። ጦርነቱ ደሴንም ወልዲያንም ሲያዳርስ ሆስፒታሎች ተዘረፉ፣ መድኃኒት ጠፋ። ብዙ ሰው ሳይፈልግ በአንድ ሰሞን አቆመ። ሕመሙ ግን በአንድ ሰሞን አልተመለሰም። አንዱ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሌላው በሁለተኛው ወር፣ አንዷ «ለእኔስ አያስፈልገኝም ነበር» ብላ ካረጋገጠች በኋላ በአምስተኛው ወር ነው የመጣችው። ከዚያ ወዲህ ለሁሉም የምነግረው ነገር አለ፦ የሁለት ሳምንት መድኃኒት ሁልጊዜ በእጃችሁ ይትረፍ፤ የመድኃኒቱ ስምና ሚሊግራም የተጻፈበት ወረቀት በሁለት ሰው ኪስ ይኑር።

ታዲያ እስከ መቼ ነው የሚወሰደው? ለመጀመሪያ ጊዜ የታመመ ሰው ምልክቶቹ ከጠፉ በኋላ ቢያንስ አንድ ዓመት መቀጠል ይመከራል። ደጋግሞ ያገረሸበት ሰው ዓመታት፣ አንዳንዱም ዕድሜ ልኩን ሊወስድ ይችላል። ማቆም የማይቻል ነገር አይደለም፤ ከሐኪም ጋር፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በወራት፣ ቤተሰብ እያየ ነው የሚደረገው። በአንድ ቀን መቁረጡ ነው አደጋው።

ስለ ጸበልና ስለ ዱአ ይጠይቁኛል። ወሎ ነንና በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ግሸን ሲሄድ ሌላው ከሸኹ ዘንድ ያስቀራል። ሁለቱንም አከብራለሁ። የምለምነው ክኒኑ አብሮ እንዲሄድ ብቻ ነው። ጸበል ጠጥቶ የሚያስመልሰው ሰው ክኒኑን ወዲያው ከዋጠ አብሮ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ማታ፣ ከመኝታ በፊት ይውሰድ። ይህ ለጾምም ይመቻል። ብዙዎቹ እነዚህ መድኃኒቶች በቀን አንዴ ማታ ሊሰጡ ስለሚችሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውም ሆነ ረመዳንን የያዘው ሐኪሙን ቀድሞ ካማከረ አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል። ከእነዚህ ጋር ለባይፖላር የሚሰጠውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ግን ውሃ ሳይጠጣ መዋሉ መድኃኒቱን መርዝ ሊያደርግበት ስለሚችል፣ ሳያማክር አይጹም።

ጫት ላይ ግን አልለሳለስም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ዶፓሚን እንዲለቀቅ ያደርጋል፤ መድኃኒቱ የሚዘጋውን በር ጫቱ ይከፍተዋል። እንቅልፍም ያሳጣል፤ እንቅልፍ ማጣት ብቻውን ሕመሙን ይቀሰቅሳል። አባቶች፣ ልጃችሁን ከዱአው አታውጡት፤ ቡናውን ይዞ ይቀመጥ፣ አሚን ይበል፣ ጫቱ ግን ይለፈው። አረቄና ጠላ ድብታውን ያከብዳሉ። ሲጋራ የኦላንዛፒንንና የክሎዛፒንን መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ፣ የሚያጨስ ሰው በድንገት ካቆመ መጠኑ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ማቆሙ ደግ ነው፣ ለሐኪሙ ግን ይነገር።

ክኒን አልውጥም ለሚለው በወጥ ውስጥ ደቁሰው የሚሰጡ እናቶች አሉ። ፍቅር እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ግማሹ ሳህኑ ላይ ይቀራል፣ መጠኑ አይታወቅም፤ የደረሰበት ዕለት ደግሞ «መርዝ ያደርጉብኛል» ያለው ሁሉ እውነት ይሆንበታል፤ ከዚያ በኋላ ከእናቱ እጅ እንጀራም አይበላም። ይልቁን ስለ ወር መርፌ አንሡለት። ፍሉፌናዚን ዲካኖኤት የሚባለው መርፌ በሰሊጥ ዘይት ውስጥ የተሟሟ ነው፤ ጡንቻ ውስጥ ተቀምጦ በጥቂቱ እየፈሰሰ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያቆያል። በየቀኑ «ዋጥክ? አልዋጥክም?» የሚለውን ጭቅጭቅ ከቤት ያወጣል። ቀጠሮው ካለፈ የሚቀጥለውን ወር ሳትጠብቁ በማግሥቱ ኑ።

ክኒን የረሳ ሰው እንዳስታወሰ ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከደረሰ ግን የተረሳው ይለፍ፣ ሁለት አይደረብ። የክኒኑ ቀለም ወይም ቅርጽ ተቀይሮ ከመጣ ሳትጥሉት ስሙንና ሚሊግራሙን ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ ፋብሪካው ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። መርሳት የጀመራቸውን አያት ለማስተኛት ብላችሁ ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም እንዳትሰጡ፤ የመርሳት ሕመም ባለባቸው አረጋውያን ላይ የስትሮክና የሞት አደጋን ይጨምራል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት በራሷ አታቁም፣ ቀድማ ትምጣ፤ በተለይ ለባይፖላርና ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ቫልፕሮኤት አብሮ ከታዘዘላት ጽንሱን ስለሚጎዳ መቀየር አለበት።

የሚያገረሽ ሕመም ከመግባቱ በፊት ደጅ ላይ ያስነጥሳል። የመጀመሪያውን ምልክት የሚያየው የቤት ሰው ነው፤ ምልክቱም ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱ ሬዲዮ ማጥፋት ይጀምራል። አንዷ ሌሊት ተነሥታ ልብስ ታጥባለች። የሌላው ከቤተሰቡ ጋር መብላት መተው ነው። ባለፈው ጊዜ ከመታመሙ በፊት ምን እንደታየ ተቀምጣችሁ አስታውሱ፤ ራሱንም ጠይቁት፣ ከሁሉም በላይ እሱ ያውቃል። ሦስቱን መርጣችሁ በቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ጻፉ። እንቅልፍ ከጠፋና ከሦስቱ አንዱ ከታየ፣ ቀጠሮው ሁለት ሳምንት ቢቀረውም በማግሥቱ ይዛችሁት ኑ።